ማንበብን የሚያስረሳ ሕመም

የፊደል ትምህርት ከሰው ጋራ እስከ መቃብር የሚኖር ሀብት ይመስላል። ነገር ግን በአንጐል ውስጥ የደም ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ፥ ወይም ራስን ብርቱ አደጋ ሲያገኘው፥ ዓይኑ ጤነኛ የሆነ የተማረ ሰው ማንበብ ሊሳነው ይችላል። ዛሬ ይህ ሕመም በእስፓንኛ ተናጋሪዎች ዘንድ እንዴት ተመርምሮ እንደሚታወቅ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ እንወዳለን።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. ማርሻልና ኒውኮምብ የተባሉ ሊቃውንት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሕሙማንን መርምረው፥ ሕመሙ በልዩ ልዩ ዐይነት እንደሚከፈል ገለጹ። በእንግሊዝኛ አጻጻፉና ድምፁ ስለሚለያዩ፥ የሕመሙ ዐይነት ከአንባቢው ስሕተት ይታወቃል። እስፓንኛ ግን እንደ ተጻፈ የሚነበብ ስለ ሆነ ሕመሙ ይሸሸጋል። ቃሉን በመልኩ መለየት የተሳነው ሰው ፊደሉን ከድምፁ እያገጣጠመ ሳይሳሳት ያነባል። ሰሚውም ጤነኛ ነው ብሎ ያሰናብተዋል፤ ጕዳቱም ሳይታወቅ፥ ተገቢው ልምምድም ሳይሰጠው ይቀራል።

ስለዚህ መርማሪው ቃላቱን በጥበብ ይመርጣል። በመጀመሪያ፥ ድምፃቸው አንድ፥ ፊደላቸው ግን የተለያየ ቃላትን ያቀርባል። «ኦላ» የሚለው ቃል «አቼ» በሚባለው ድምፅ አልባ ፊደል ሲጀምር ሰላምታ ነው፤ ያለ እርሱ ሲጻፍ የባሕር ማዕበል ነው። ሕመምተኛው ሁለቱንም አጥርቶ ያነባል፤ ትርጉማቸውን ሲጠየቅ ግን ያደባልቃል። ሁለተኛም፥ እንደ «ሜፓ» ያለ ትርጉም የሌለው የፈጠራ ቃል ይሰጣል። ጠረጴዛ ማለት የሆነውን «ሜሳ» አንብቦ ይህን ማንበብ የሚያቅተው ሰው ሕመሙ ሌላ ዐይነት ነው። ሦስተኛም፥ «ሜሳ» የሚለውን ቃል አይቶ «ሲያ»፥ ማለት ወንበር፥ ብሎ ያነብ እንደ ሆነ ይመለከታል። እንዲህ ያለው ስሕተት በእስፓንኛ አይገኝም የሚሉ ነበሩ፤ በዚሁ አቈጣጠር በ1995 ዓ.ም. የታተመ የአንድ ሕመምተኛ ጥናት ግን መኖሩን አስረዳ።

ነገሩ ለአማርኛ ተማሪም እንግዳ አይደለም። «ሠረቀ» በንጉሡ «ሠ» ሲጻፍ ወጣ፥ በእሳቱ «ሰ» ሲጻፍ ግን ያለ ፈቃድ ወሰደ ማለት ነው፤ ድምፁ ብቻ ይህን አይለይም። እንግዲህ ድምፅን ማሰማት ብቻውን ማንበብ እንዳይደለ ከዚህ እንረዳለን።

ስለዚህ ማንም ሰው በድንገት ማንበብ ቢሳነው፥ መነጽር ለመለወጥ ከመሄድ አስቀድሞ ያለ መዘግየት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ ዘንድ እንመክራለን። ከሕመሙ ያገገመውንም ሰው «አንብብልን» ብቻ ሳይሆን «ያነበብኸው ምን ማለት ነው?» ብለን እንጠይቀው።