ፍል ውኃና የባለሱቅ እግር

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው፣ ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ተብላ የነበረችው አምቦ፣ በፍል ውኃዋ የታወቀች ናት። ከጊንጪ እስከ ጉደርና ባኮ ባሉት ከተሞች ከጧት እስከ ማታ ከባንኮኒ ኋላ ቆሞ የሚውል ባለሱቅ፣ እግሩ ሲከብደውና የባቱ ደም ሥር እንደ ገመድ ተጠማዞ ሲያብጥ፣ ወደዚሁ ውኃ ቢያስብ አያስደንቅም። ለድካም ቢሆን ኖሮ አሳቡ ባልተነቀፈ ነበር።

በእግር ደም መልስ ውስጥ፣ ደሙን ወደ ልብ አሳልፈው ወደ ታች እንዳይመለስ የሚያግዱ ትንንሽ መዝጊያዎች አሉ። እነዚህ ሲላሉ ደሙ ቍልቍል ተመልሶ ይከማቻል፤ ደም ሥሩም ይለጠጣል። ሙቅ ውኃ ይህንኑ ይበልጥ ስለሚያሰፋው፣ ሰውየው ከመታጠቢያው ሲወጣ እግሩ የባሰ ሊከብደው ይችላል።

ሐኪሞች ግን ሙቀቱን ወደ ውስጥ ያስገባሉ። በአልትራሳውንድ እየተመለከቱ፣ በመርፌ ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ ወደ ተበላሸው ደም መልስ ይሰዳሉ፤ ዙሪያውን ማደንዘዣ ያለበት ፈሳሽ ከወጉ በኋላ በሌዘር ወይም በሬዲዮ ሞገድ ግድግዳውን ያሞቁታል። በሬዲዮ ሞገዱ መሣሪያ ሙቀቱ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ፣ በ20 ሴኮንድ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተኵሳል። አባቶቻችን በጋለ ብረት ይተኵሱ የነበረው ከላይ ነው፤ ይህ ከውስጥ ነው። ደም ሥሩ ተኰማትሮ ይዘጋል፤ ደሙም በጤነኞቹ በኩል ይሄዳል። ቆዳ መቃጠል፣ መደንዘዝና የደም መርጋት አልፎ አልፎ ሊያጋጥም ቢችልም፣ ታካሚው በዚያው ቀን በእግሩ ሄዶ ወደ ቤቱ ይገባል። ደም ሥሩ ተጐትቶ ይወጣበት ከነበረው ቀዶ ሕክምና ጋር ሲነጻጸር ለነጋዴ ቀላል ነገር አይደለም። የእንግሊዝ አገር የጤና መመሪያም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2013 ይህንኑ ከቀዶ ሕክምናው አስቀድሞታል።

ለአስመጪዎች የሚነገረው፣ እንዲህ ያለው የሕክምና መሣሪያ በአዋጅ ቍጥር 1112/2011 መሠረት በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቍጥጥር ሥር መሆኑ ነው። ባለሱቆች ደግሞ ለእግር ሕመም የተሠራውን የሚያጠብቅ ካልሲ እንደ ተራ ካልሲ በግምት ባይሸጡት መልካም ነው። ካልሲው በቍርጭምጭሚት ጠብቆ ወደ ላይ የሚላላ ስለሆነ፣ የገዢው እግር መለካት አለበት፤ ወደ እግሩ የሚወርደው ደም ያነሰበት ሰውም ያለ ሐኪም ምክር ሊያጠልቀው አይገባም።

አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ሲያም ግን የረጋ ደም ሊሆን ይችላልና፣ ያን ቀን ፍል ውኃም ካልሲም ይቈይ፤ ሱቁ ተዘግቶ ወደ ሐኪም ቤት ይኬድ።