እምቦጭ ልትነቅሉ ጣና ልትገቡ ነው?

በበጎ ፈቃድ እምቦጭ ለመንቀል የምትሄዱ፣ ጉማሬውን ብቻ አትፍሩ። ከውሃ ቀንድ አውጣ የሚወጣው የቢልሃርዚያ እጭ በዓይን አይታይም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ጤነኛ ቆዳ በስቶ ይገባል። ውሃውን ባትጠጡም ይይዛችኋል። በሽታው ራያ ውስጥ፣ ዋጃና ጥሙጋ አካባቢም ስላለ ወንዝና ቦይ የምትገቡም ስሙኝ።

ረጅም ቦቲና ጓንት አድርጉ። ውሃው ከላይ ቦቲው ውስጥ ከገባ ግን ምንም አልሠራችሁም! "ማታ ሳሙና ተጠቅሜ ታጥቤያለሁ" የሚለኝም አለ፤ እጩ እኮ ያኔ ገብቶ ጨርሷል።

እንደተመለሳችሁ ፕራዚኳንቴል ገዝታችሁ አትዋጡ። መድኃኒቱ ያደገውን ትል እንጂ ገና ያላደገውን በደንብ አይገድልም። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይታችሁ የሰገራ ምርመራ አድርጉ፤ ከዚያ በፊት እንቁላሉ ላይታይ ይችላል። በመሃል ትኩሳት፣ ሳል ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከመጣ ግን ሳትቆዩ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ "ሐይቅ ገብቼ ነበር" በሉት። ካልነገራችሁት ታይፎይድ ሊመስለው ይችላል።

ለሚሄዱ ጓደኞቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።