ትንሹ ቡችላ ሲናከስ ለምን መሳቅ አይገባም?

በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ ውሻ በአብዛኛው የሚታወቀው በግቢ ጠባቂነቱ ነው። እንደ ማልቲዝ፣ ችዋዋ እና ዮርክሻየር ቴሪየር ያሉ ትንንሽ ዝርያዎች ግን ቤት ውስጥ ከቤተሰቡ ጋር ይኖራሉ። የሰውነታቸው ማነስ ባለቤቶችን ያዘናጋል፤ ትልቅ ውሻ ቢፈጽመው የሚያስቆጣ ጥፋት ትንሹ ሲፈጽመው ያስቃል።

ቡችላ የንክሻውን ኃይል መቆጣጠር የሚጀምረው ከእናቱና አብረውት ከተወለዱት ጋር ሲጫወት ነው። ስለዚህም 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ መለየት አይመከርም። ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ ደግሞ ከሰዎች፣ ከሌሎች እንስሳትና ከተለያዩ ድምፆች ጋር የሚላመድበት ነው። በዚህ ዕድሜ ያልተላመደ ውሻ ሲያድግ ፈሪ ሊሆን ይችላል፤ የፈራ ውሻ ደግሞ ይናከሳል።

ሥልጠናው እንዴት ይጀመር?

ቡችላው እጅ ሲነክስ ጨዋታውን ወዲያው ማቋረጥና የሚያኝከው መጫወቻ መስጠት ይበጃል። መምታት ግን ፍርሃትን እንጂ ሥርዓትን አያስተምርም። ለመጸዳዳትም ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ ሲመገብና ተጫውቶ ሲጨርስ ወደ አንድ የተወሰነ ቦታ መውሰድ፣ ሲሳካለትም በዚያው ቅጽበት መሸለም ያስፈልጋል።

ምን ይመገብ?

የትንሽ ዝርያ ቡችላ በሰውነቱ ውስጥ የሚያከማቸው ኃይል ጥቂት ነው። ለረጅም ሰዓት ከተራበ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ሊያሽቆለቁልና ሊንቀጠቀጥ፣ ብሎም ራሱን ሊስት ይችላል። በመሆኑም ምግቡን በቀን አራት ጊዜ ያህል ከፋፍሎ መስጠት ይመከራል። የወጥ ትራፊ ግን አይስማማውም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይጎዳሉ። ለትንሽ ሰውነት ደግሞ ጥቂቱም ብዙ ነው።

‘ከቤት አይወጣም’ በቂ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ለሰዎች ከሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የሚመጣ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በሽታው ገዳይ ነው ማለት ይቻላል። ቫይረሱ የሚተላለፈው በምራቅ በመሆኑ የውሻው ትንሽነት ለውጥ አያመጣም። ለቤት ውሻም ቢሆን በር ላይ ከታመመ ውሻ ጋር ለአፍታ መገናኘት በቂ ነው።

ክትባቱ በአብዛኛው 3 ወር ገደማ ሲሞላው ይሰጣል፤ የእንስሳት ሐኪም በሚወስነው ጊዜም ይደገማል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል፤ የነከሰው ትንሽ ቡችላ ቢሆንም እንኳ።