ኮምፒውተሩ ሲታደስ የአያት ድምፅ እንዳይጠፋ

በየቤቱ ያሉ ላፕቶፖች ሰሞኑን “ይታደሱ” እየተባሉ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ልጆችና የልጅ ልጆች የወላጆቻቸውን ኮምፒውተር ወደ ዊንዶውስ 11 እያሳደጉ ነው። ሐሳባቸው መልካም ነው። ኮምፒውተሩን በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው የሚጠቀም እናት፣ አባት ወይም አያት ባለበት ቤት ግን ሥራው ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ለሚያይ ሰው ለውጡ የሁለት ቀን ግራ መጋባት ነው። “ይህቺ ምልክት የት ሄደች?” ብሎ ፈልጎ ያገኛታል። የማያይ ሰው ድምፁ ከጠፋበት መፈለጊያም የለውም። ዓይነ ስውር ያለበት ቤተሰብ በርጩማ እንኳ ሳይናገር ከቦታው አያነሣም። ኮምፒውተሩም እንደዚያው ነው።

የሚያነብልን ፕሮግራም

ስክሪን ሪደር በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። ተጠቃሚው ማውስ አያስፈልገውም፤ ሁሉን ነገር በኪቦርድ ይሠራል። እኔ የምጠቀመው ኤንቪዲኤ የሚባለውን ነው። ይህን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ማይክል ከረን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ ሲሆን፣ እንደሱው ዓይነ ስውር የሆነው ጄምስ ቴህ አብሮት ሠርቷል። የሚገኘው በነፃ ነው። እንደ ጆውስ ያሉ በገንዘብ የሚሸጡም አሉ። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ደግሞ ናሬተር ይባላል።

ኤንቪዲኤ ውስጥ ኢስፒክ የሚባል የድምፅ መሣሪያ አለ፤ ከሚያነባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ድምፁ የማሽን ነው፤ ማጥበቅና ማላላት ላይ ይሳሳታል። “እሱ እንዲህ አለ” እና “እቤት አለ” ሲል ሁለቱን “አለ” አይለያቸውም። ሆኖም ይለመዳል። እኔ አሁን ሰው ከሚያወራው ፍጥነት በላይ አድርጌ እሰማዋለሁ።

የዕድሩ መዝገብ

በነርስነት ዲፕሎማ ለሠላሳ ሁለት ዓመት በጤና ጣቢያዎች አገልግያለሁ። ዓይኔን የወሰደብኝ ግላኮማ ነው። ግላኮማ የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ ይጎዳል፤ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ የሄደውን እይታ ሕክምና አይመልሰውም፣ የቀረውን ግን ለመጠበቅ ይረዳል። በቤተሰብ ውስጥ ስለሚሄድ የእኔ ዓይነት እናት ወይም አባት ያላችሁ፣ እንዲሁም ወንድምና እህቶቻቸው፣ ዓይናችሁን ሳትታመሙ ተመርመሩ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ሆንኩ። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ ለማን ስንት ተሰጠ የሚለው ሁሉ ኮምፒውተሬ ውስጥ ነው። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ልጄ ላፕቶፔን ወደ አንድ ጥገና ሱቅ ወስዶ “ዊንዶውስ 11 ጫኑላት” አላቸው። ሱቁ ሳይጠይቅ ፎርማት አደረገው። ፋይሎቼን ለብቻ አስቀምጠው መልሰዋል፤ ኤንቪዲኤ ግን ከነሙሉ ቅንብሩ ጠፋ።

ላፕቶፑ እንደመጣ ከፍቼ ናሬተርን ለማስነሣት ኮንትሮል፣ ዊንዶውስና ኢንተርን አንድ ላይ ተጫንኩ። ዝም። ሱቁ ስደውል ወጣቱ በትሕትና “ማዘር፣ ምንም አልሆነም እኮ፤ ሁሉም ነገር ስክሪኑ ላይ አለ” አለኝ። እውነቱን ነው፤ ስክሪኑ ላይ አለ።

በዚያው ሳምንት ከአባሎቻችን የአንዱ ባለቤት አረፈች። የቀብር ወጪው ወዲያው መሰጠት አለበት፤ በሕጋችን ደግሞ የወር መዋጮ ውዝፍ ካለ ተቀናሽ ይደረጋል። መዝገቡን የሚያነብልኝ አንድ የጎረቤት ልጅ ተጠራ። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ድምፁም ጥርት ያለ ነው። ድንኳኑ ሥር፣ ለቀስተኛው እየሰማ፣ ከሐዘንተኛው ስም በፊት ያሉትን ሰዎች ውዝፍ ሁሉ በየስማቸው አነበበው። ለአንዷ የሰባት ወር፣ ለአንዱ የአሥር። “ተው ልጄ፣ ወደ ታች ውረድ” ብለው እንኳ ቶሎ አላቆመም። የበሽተኛን ምስጢር ስትጠብቅ ለኖረች ሰው ያ ቀን ከባድ ነበር። ውዝፍ ካለባቸው እናቶች አንዷ ከዚያ በኋላ ለሦስት ወር ያህል ስብሰባ አልመጡም።

ስክሪን ሪደር ሲጠፋ የሚጠፋው ይህ ነው። መጽሐፍ ማዳመጥና ለልጅ ልጅ ደብዳቤ መጻፍ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ግን የራስንም የሰውንም ጉዳይ በራስ እጅ መያዝ ይቀራል። የባንክ መልእክትም፣ የሐኪም ውጤትም ሌላ ሰው አፍ ውስጥ ይገባል።

በስምንተኛው ቀን ስክሪን ሪደር የሚጠቀም አንድ ዓይነ ስውር ወጣት በዩኤስቢ የሚሰካ ሄድፎን ይዞ መጣ። እንዲህ ያለው ሄድፎን የራሱ የድምፅ ካርድ ስላለው የላፕቶፑ የድምፅ ድራይቨር ባይጫንም ይሠራል። ሰካነው፤ ሦስቱን ቁልፎች ተጫንኩ፤ ናሬተር በእንግሊዝኛ ተናገረ። የቀረውን፣ ኤንቪዲኤን ከማውረድ እስከ መጫን፣ በራሴ ጣት ሠራሁት። አማርኛውን ሲደርስ ግን አዲሱ ኤንቪዲኤ በእንግሊዝኛ ድምፅ ስለተነሣ ፊደላችንን እየዘለለ አለፈው። ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ኤስ ተጭኜ ኢስፒክን መረጥኩ፤ ከዚያ በድምፅ ቅንብሩ ውስጥ አማርኛን።

ምን ይለወጣል? ምን አይለወጥም?

የኤንቪዲኤ ትእዛዞች አይለወጡም። ኮንትሮል ንግግሩን ያቋርጣል፣ ኢንሰርትና ቲ የመስኮቱን ርዕስ ይነግራል። የዊንዶውስ ቁልፍን ተጭኖ የፕሮግራሙን ስም መጻፍና ኢንተር ማለትም እንደ ድሮው ይሠራል። ዊንዶውስ 11 መነሻውን ወደ መሀል ማምጣቱ ለጆሮ ልዩነት የለውም።

የሚያደናግሩት ሁለት ናቸው። በዊንዶውስ 10 ማሳወቂያዎችን የሚያመጣው ዊንዶውስና ኤ አሁን የዋይፋይና የድምፅ ፈጣን ቅንብሮችን ያመጣል፤ ማሳወቂያዎቹ ወደ ዊንዶውስና ኤን ሄደዋል። ሁለተኛው፣ ፋይል ላይ ሆነን የምንከፍተው ዝርዝር አጥሯል፤ የለመድነው ረጅሙ ዝርዝር በሺፍትና ኤፍ 10 ይመጣል። እነዚህን ሁለቱን አስቀድሞ መንገር የብዙ ቀን ብስጭት ያስቀራል።

ከመታደሱ በፊት

ልጆቻችሁን ወይም ጥገና ሱቁን እነዚህን ጠይቁ።

አንደኛ፣ ፎርማት ነው ወይስ አፕግሬድ? አፕግሬድ ፕሮግራሞችንና ፋይሎችን እንዳሉ ይዞ ያልፋል፤ ፎርማት ሁሉን ያጠፋል። አፕግሬድ ከሆነና ካልተስማማ በ10 ቀን ውስጥ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል፤ ፎርማት ከሆነ ያ ዕድል የለም።

ሁለተኛ፣ ኤንቪዲኤን በፍላሽ ያዙ። በኤንቪዲኤ ዝርዝር ውስጥ “ቱልስ” በሚለው ሥር ተንቀሳቃሽ ቅጂ መፍጠር ይቻላል፤ የአሁኑን ቅንብር አብሮ እንዲገለብጥ ምረጡ። ሁሉም ቢጠፋ ፍላሹን ሰክቶ ከነአማርኛው ማስነሣት ይቻላል።

ሦስተኛ፣ የዩኤስቢ ሄድፎን አዘጋጁ።

አራተኛ፣ ሲታደስ የሚያይ ሰው አጠገብ ይሁን። ኮምፒውተሩ እየተዘጋና እየተከፈተ በመቶኛ በሚቆጥርበት ጊዜ የትኛውም ስክሪን ሪደር አይናገርም። ዝምታው ሲረዝም “ሞተ” ብሎ ማጥፋት ጉዳት ያመጣል። “ሠላሳ ደረሰ፣ ስድሳ ደረሰ” የሚል ሰው ይበቃል።

ላፕቶፑ አሮጌ ሆኖ ዊንዶውስ 11ን አልቀበልም ካለ አትደንግጡ። ዊንዶውስ 10 መሥራቱን አያቆምም። የደኅንነት ማሻሻያ ካልደረሰው ግን ለአደጋ ስለሚጋለጥ የባንክ ሥራ ባትሠሩበት ይሻላል።

ከታደሰ በኋላ

የስኳር ሕመምተኛን ኢንሱሊን መውጋት ስናስተምር መርፌውን እሱ ይይዛል፣ እኛ እጃችንን ወደኋላ እናደርጋለን። እዚህም እንደዚያው ነው። “ቆይ እኔ ልሥራልሽ” ያላችሁ ዕለት ባለቤቱ ነገ ብቻውን አይሠራውም። ቁልፉን እሳቸው ይጫኑ፤ እናንተ ስትጠየቁ ብቻ ተናገሩ።

በኤንቪዲኤ አጠቃላይ ቅንብር ውስጥ ፕሮግራሙ በመግቢያው ገጽ ላይም እንዲነሣ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ እሱን አብሩ። አለበለዚያ የይለፍ ቃል የሚጠየቅበት ቦታ ላይ ዝምታ ይጠብቃቸዋል። በመጨረሻም ከመሄዳችሁ በፊት ኮምፒውተሩን ራሳቸው ያጥፉት፣ ራሳቸው ይክፈቱት፣ የይለፍ ቃላቸውን ይጻፉ፣ አንድ የአማርኛ ፋይል ከፍተው እስከ መጨረሻው ያድምጡ። ይህን ያለ ማንም እርዳታ ካደረጉ ሥራው አልቋል።