አብረው የማይስማሙ መድኃኒቶች እና የሚያስከትሉት ጉዳት

አንድ መድኃኒት ብቻውን ሲወሰድ ፈዋሽ ኾኖ ሳለ ከሌላ መድኃኒት፣ ከቫይታሚንና ማዕድን እንክብል ወይም ከባሕላዊ መድኃኒት ጋር ሲደረብ ኃይሉ ሊዳከም አልያም ከልክ ሊያልፍ ይችላል። ይህ የመድኃኒቶች መስተጋብር ይባላል። ለችግሩ ይበልጥ የሚጋለጡት በዕድሜ የገፉ፣ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው እና በተለያዩ የጤና ተቋማት የሚታከሙ ሰዎች ናቸው።

አንዳንዱ መስተጋብር የሚጀምረው ከሆድ ዕቃ ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ለደም ማነስ ከሚሰጥ የብረት እንክብል ወይም ማግኒዥየምና አሉሚኒየም ካለበት የጨጓራ መድኃኒት ጋር ከተዋጠ ይጣበቅና አብዛኛው ወደ ደም ሳይገባ ይቀራል። በወተት መዋጡም ኃይሉን ይቀንሰዋል። ታካሚው የታዘዘለትን ቢጨርስም ሕመሙ ላይለቀው ይችላል። በመኾኑም ሲፕሮፍሎክሳሲን ከብረት እንክብሉ እና ከጨጓራ መድኃኒቱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መወሰድ አለበት።

ሌላው መስተጋብር በጉበት ውስጥ ይፈጠራል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ፈጥኖ እንዲያስወግድ ያደርጋል። በዚህም የሚዋጥ የእርግዝና መከላከያ እና በክንድ የሚቀበረው መከላከያ ይዳከማሉ። ሕክምናውን የጀመረች እናት መከላከያ እንደምትጠቀም ለባለሙያ ካልነገረች ያላቀደችው እርግዝና ሊከሰት ይችላል።

ሁለት እና ከዚያ በላይ መድኃኒቶች አንድን የሰውነት ክፍል በጋራ የሚጎዱበት ጊዜም አለ። ኢናላፕሪል እና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ለደም ግፊት የሚወስድ አርሶ አደር ከአጨዳ በኋላ ለወገብ ሕመሙ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝቶ ቢጨምር ግፊቱ ሊያሻቅብ፣ ኩላሊቱም ሊጎዳ ይችላል።

"ዕፅዋት ስለኾነ አይጎዳም" የሚለው አስተሳሰብም ትክክል አይደለም። አብሽ በብዛት ሲወሰድ የደም ስኳርን ስለሚቀንስ ከስኳር ሕመም መድኃኒት ጋር ሲደመር ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። የደም መርጋትን ለመከላከል ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ነጭ ሽንኩርትን እንደ መድኃኒት አብዝቶ ቢወስድ ለመድማት ይጋለጣል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ወደ ጤና ተቋም ሲኬድ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው በፌስታል ይዞ ማሳየት፣ የሚጠጣውን ባሕላዊ መድኃኒትም ሳያፍሩ መናገር ያስፈልጋል። ያለማዘዣ የሚሸጥ ማስታገሻ ሲገዛም የሚወስዱትን ሌላ መድኃኒት ለፋርማሲ ባለሙያው መንገር ይገባል።

መስተጋብርን በመፍራት የታዘዘ መድኃኒትን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግን የባሰ አደጋ አለው። ከመድኃኒት በኋላ መድማት፣ የሰገራ መጥቆር፣ ቀዝቃዛ ላብና ራስን መሳት፣ የሽንት መቀነስ ወይም የፊት እብጠት ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ቅርብ የጤና ተቋም መሄድ ይገባል።