አምስት ቻናል፣ አንድ ወሬ

የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ስልካችሁን ከፈታችሁ እንበል። አንድ የቴሌግራም ቻናል የምትደግፉት ክለብ አዲስ አማካይ ሊያስፈርም እንደሆነ ጽፏል። ሁለተኛውም እንደዚያው። ታክሲ ውስጥ የኤፍኤሙ ስፖርት ፕሮግራም ደገመው። ማታ ላይ አምስት ቦታ ሰምታችሁታል። «አምስት ሰው ካለውማ እውነት ነው» ትላላችሁ። እስቲ እናስላው።

እያንዳንዱ ዘጋቢ ከ10 ጊዜ 6ቱን ልክ ይናገራል እንበል (ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው)። ዝውውሩ የመሳካትና ያለመሳካት ዕድሉም መጀመሪያ ላይ እኩል ይሁን። አንድ ዘጋቢ ብቻ «ይመጣል» ካለ ዕድሉ 60 በመቶ ነው። አምስቱም በየራሳቸው መንገድ አጣርተው አንድ ነገር ካሉስ? አምስቱም ልክ የመሆናቸው ዕድል አምስት 0.6ዎች ሲባዙ ነው፤ ወደ 0.078። አምስቱም የመሳሳታቸው ዕድል ደግሞ አምስት 0.4ዎች ሲባዙ፤ ወደ 0.010። የመጀመሪያውን ለሁለቱ ድምር ስናካፍለው 88 በመቶ እናገኛለን። ማልያ ለማዘዝ ይበቃል።

አራቱ ከአንደኛው ቀድተው ከሆነስ? ያኔ እጃችሁ ላይ ያለው ያው 60 በመቶ ነው። ምህንድስና ውስጥ ይህን የምንማረው ከልኬት ነው። አንድን ነገር በ9 የተለያዩ መሣሪያዎች ለክተን አማካዩን ብንወስድ የዘፈቀደ ስህተቱ ወደ ሲሶ ይወርዳል። የአንዱን መሣሪያ ንባብ ዘጠኝ ጊዜ ኮፒ ብናደርግ ግን ስህተቱ ንቅንቅ አይልም።

የዝውውር ዘገባን ሥነ ምግባር «ወሬው ደረሰ ወይስ አልደረሰም» በሚለው ብቻ መለካት የማይበቃኝ ለዚህ ነው። አራተኛው ቻናል ከሌላ ቀድቶ «ምንጮቻችን አረጋገጡልን» ብሎ ከጻፈ፣ ተጫዋቹ በማግስቱ ቢፈርም እንኳ ዋሽቷል። የዋሸው ስለ ተጫዋቹ ሳይሆን ስለ ማስረጃው ብዛት ነው። 60 የነበረውን 88 አድርጋችሁ እንድታነቡት አደረጋችሁ።

ይህ ነገር የት ድረስ እንደሚሄድ ለማየት ወደ ለንደን እንሂድ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2009 ታይምስ ጋዜጣ ተስፋ የተጣለባቸውን 50 ወጣት ተጫዋቾች ሲዘረዝር፣ 30ኛ ላይ ማሳል ቡግዱቭ የተባለ የ16 ዓመት ሞልዶቫዊ አስቀመጠ። አርሰናል ይፈልገዋል ተብሎለትም ነበር። ችግሩ፣ እንዲህ የሚባል ልጅ በዓለም ላይ አልነበረም። አንድ ቀልደኛ የዜና ወኪል ዘገባ የሚመስሉ ጽሑፎችን ፈጥሮ በኢንተርኔት በትኖ ነበር፤ አንዱ ገጽ ሌላውን እያየ ጻፈ፣ ልጁም «የታወቀ» ሆነ። ስሙ በአየርላንድኛ «ትንሹ ጥቁር አህያዬ» ከሚለው ጋር ይመሳሰላል። ይህ የፓድሪክ ኦ ኮኔር አጭር ልቦለድ ርዕስ ነው፤ ታሪኩም በሻጭ ተሞኝቶ ሰነፍ አህያ ከዋጋው በላይ ስለገዛ ሰው ነው። ቀልደኛው ፍንጩን ስሙ ላይ አስቀምጦ ነበር፤ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ቡግዱቭ ያሳፈረው ጋዜጦችን ብቻ ነው። በእውነተኛ ተጫዋች ስም የሚወጣ ወሬ ግን ብዙ ጊዜ ጥቅም ካለው ሰው የሚነሳ ነው። ተጫዋቹ ውል ሊያድስ ሲደራደር «እንትን ክለብ ይፈልገዋል» የሚል ዜና ለወኪሉ መደራደሪያ ነው። ሻጩ ክለብም ሁለተኛ ገዢ ያለ ቢመስል አይጠላም፤ መርካቶ ውስጥ «ቅድም አንዱ ከዚህ በላይ ሰጥቶኝ ነበር» እንደሚላችሁ ነጋዴ። ገዢውስ? በፊፋ ደንብ ውል ያለውን ተጫዋች ማነጋገር የሚፈልግ ክለብ አስቀድሞ ለተጫዋቹ ክለብ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ጋዜጣ ላይ የወጣ ጭምጭምታ ግን ያለ ደብዳቤ መልእክቱን ለተጫዋቹ ያደርሳል። ዘጋቢው የምንጩን ስም አይንገረን፤ ምንጭን መጠበቅ ተገቢ ነው። ከየትኛው ወገን እንደሆነ ግን ይንገረን። «ከወኪሉ በኩል» የምትል ሁለት ቃል ለመመዘን ትበቃለች።

ወደ አማርኛ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ቢቢሲ ስፖርት በየዕለቱ የጋዜጦችን ጭምጭምታ ሲሰበስብ፣ ወሬው ከየት እንደተወሰደ መጨረሻው ላይ በቅንፍ ያስቀምጣል። እኛ ጋ ሲደርስ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምትወድቀው ያቺ ቅንፍ ናት። ቀጥሎ ግሡ ይለወጣል። ጠዋት «ፍላጎት አሳይቷል» የነበረው ምሳ ሰዓት «ሊያስፈርም ይችላል» ይሆናል፣ ከዚያ «ሊያስፈርም ነው»፣ ማታ «ተስማማ!»። ልክ እንደ ድምፅ ማጉያ ሰንሰለት፣ እያንዳንዱ ማጉያ የተቀበለውን ጫጫታ ከማጉላት አልፎ የራሱንም ይጨምራል። አማርኛ እኮ ለጥርጣሬ ቃል አላነሰውም። «አሉ» አለን፣ «ይባላል» አለን፣ «ሳይሆን አይቀርም» አለን። ቡና ላይ የጎረቤት ወሬ የምታወራ ሴት እንኳ «አሉ» ሳትል አታልፍም፤ ማይክራፎን የያዘው ሰው ይህን ያህል ጥንቃቄ ቢያሳይ ምን ነበረበት?

ተሳስቶም ያልዋሸ ዘጋቢ ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 31 ቀን 2015 ሪያል ማድሪድና ማንቸስተር ዩናይትድ በግብ ጠባቂው ዴቪድ ዴ ሂያ ዝውውር ተስማምተው ነበር። ያን ቀን ማታ «ክለቦቹ ተስማምተዋል፣ ወረቀቱ ግን ገና አላለቀም» ያለ ሁሉ እውነቱን ተናግሯል። ሰነዱ የስፔን መስኮት ከመዘጋቱ በፊት ሳይጠናቀቅ ቀረ፤ ሁለቱ ክለቦች በመግለጫ ተወነጃጀሉ፤ ዴ ሂያም እስከ 2023 ማንቸስተር ቆየ።