ከቀዶ ጥገና ክፍል ውጭ የሚሰጥ ሴዴሽንና የደኅንነት ቁጥጥሩ

ሴዴሽን የሚያሳምም ወይም የሚያስጨንቅ ሕክምና ሲሰጥ ታካሚውን በመድኃኒት የማረጋጋትና የማስተኛት ሥራ ነው። የወለቀ ትከሻ ሲመለስ፣ የተሰበረ እጅ ሲስተካከል፣ የቃጠሎ ቁስል ሲታጠብ ወይም ሕፃን ሲቲ ስካን ሲነሣ ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ከቀዶ ጥገና ክፍል ውጭ ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ጥገና ቼክ ሊስት የደም ኦክስጅንን የሚለካው ፐልስ ኦክሲሜትር ታካሚው ላይ መኖሩንና መሥራቱን ይጠይቃል። ያው መድኃኒት ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሲሰጥ ግን ይህን የሚጠይቅ ወረቀት ላይኖር ይችላል።

ሴዴሽን ቀላል፣ መካከለኛ፣ ጥልቅና ሙሉ ሰመመን ተብሎ በአራት ደረጃ ይከፈላል። በመካከላቸው ግን አጥር የለም። አንዱን ጎልማሳ የሚያረጋጋ የዲያዜፓምና የፔቲዲን መጠን ደም የፈሰሳትን እናት ወይም የአቅመ ደካማ አዛውንትን ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ኬታሚን ትንፋሽንና የደም ግፊትን በአብዛኛው ስለማያዳክም የማደንዘዣ ማሽን በሌለበትም ይታመናል። ቢሆንም በደም ሥር በፍጥነት ሲሰጥ ትንፋሽን ለአፍታ ሊያቋርጥ፣ አልፎ አልፎም የጉሮሮን በር ጭምድድ አድርጎ ሊዘጋ ይችላል። መድኃኒቱ በታመነ ቁጥር ጥበቃው እንዳይላላ መጠንቀቅ ይገባል።

ቁጥጥሩ የሚጀምረው ከመርፌው በፊት ነው። ታካሚው ከጠራ ፈሳሽ ሁለት፣ ከጡት ወተት አራት፣ ከቀላል ምግብ ስድስት ሰዓት መቆየት አለበት። በጎንደርና በአካባቢው አጠያየቁ ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። «ጾመኛ ነኝ» ያለ ሰው ከሥጋና ከወተት ታቅቦ ከሰዓት በኋላ ሽሮ በእንጀራ በልቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «መጨረሻ አፍዎ የገባው ምንድን ነው? በስንት ሰዓት?» ተብሎ ነው። ጠላ ወይም አረቄ መጠጣቱም ለብቻው ይጠየቃል፤ መጠጥ የመድኃኒቱን ኃይል ያበረታል።

ሁለተኛው መሠረት ጠባቂው ነው። አጥንት የሚጎትተው ሐኪም ትንፋሽ ሊጠብቅ አይችልም። ሌላ ሥራ የሌለው፣ አየር መንገድ መክፈትና በአምቡ ባግ ማስተንፈስ የሚያውቅ አንድ ባለሙያ ከታካሚው ራስጌ መቆም አለበት። ኦክስጅን፣ ሳክሽን ማሽንና የአምቡ ባግ ጭምብል በታካሚው ልክ ተዘጋጅተው፣ ተሞክረውም መሆን አለባቸው። የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ የደም ግፊትና የኦክስጅን መጠን በየአምስት ደቂቃው ይመዘገባል።

በደጋ ይህ ጥበቃ ይበልጥ ይጠብቃል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ፣ ደባርቅ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲተያይ በጎንደር በሩብ ገደማ፣ በደባርቅ በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። በሳንባ ያለው የኦክስጅን ቅሪት አነስተኛ በመሆኑ ትንፋሽ ሲቆም የደም ኦክስጅን ቁጥሩ ፈጥኖ ይወርዳል። ዝቅተኛ ቁጥርን «የደጋ ሰው ስለሆነ ነው» ብሎ ማለፍም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ በሚገኘው አምባራስ የሚኖሩ ሰዎች የደም ኦክስጅን በአማካይ 95.3 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። 85 የሚል ንባብ ከታየ መንስኤው መፈለግ አለበት። ኦክስጅን እየተሰጠው ያለ ታካሚ ደግሞ ትንፋሹ ቆሞም ቁጥሩ ለጊዜው ላይወርድ ስለሚችል ዓይን ከደረቱ መነሣት የለበትም።

ሕክምናው ሲያልቅ አደጋው አያልቅም። የሚያሳምመው ነገር ቀርቶ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ሳለ ታካሚው ይበልጥ ሊሰምጥ ይችላል። ናሎክሶን ወይም ፍሉማዜኒል የተባለ ማርከሻ የተሰጠውም ማርከሻው ቀድሞ ሲያልቅ እንቅልፉ ሊመለስበት ስለሚችል እስከ ሁለት ሰዓት ይጠበቃል። ወደ ቀድሞ ንቃቱ ያልተመለሰ ሰው መኪና ላይ አይጫንም፤ ሲወጣም የሚደግፈው አስታማሚ ይኖረዋል።

ይህ ሁሉ በየሐኪሙ ልማድ ላይ ከተተወ ደኅንነት የዕድል ጉዳይ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። ዛሬ የሰመመን ባለሙያዎችን የሚያሠለጥነው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለሴዴሽንም እንዲህ ያለ ማዕከል መሆን ይችላል። በሰመመን ባለሙያ የሚመራ አንድ ኮሚቴ፣ ከሪፈራል ሆስፒታሉ እስከ ወረዳ ሆስፒታል የሚያገለግል አንድ ቅጽ፣ ተፈትኖ የሚሰጥና በየጊዜው የሚታደስ የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋሉ። ኦክስጅን የወረደባቸውና ትንፋሽ የተቋረጠባቸው አጋጣሚዎች ማንንም ለመክሰስ ሳይሆን ለመማር በየወሩ ይገመገማሉ። ጠባቂ ወይም ኦክስጅን በሌለበት፣ ጊዜ የሚሰጥ ሕክምና ከሆነ፣ ሴዴሽን አይሰጥም፤ ታካሚው ይላካል። ይህን ውሳኔ የሚወስን ነርስ ወይም ሐኪም የተቋሙ ሙሉ ድጋፍ ሊኖረው ይገባል።